ዐይነ ሕግ በአምባሰል ጎዳና

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደው አውራ ጎዳና፣ የሐይቅን ከተማ አቋርጦ፣ ጥንታዊው የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበትን ባሕር በስተቀኙ ትቶ፣ በአምባሰል ተራሮች ግርጌ ሲጠማዘዝ ከቆየ በኋላ፣ ውጫሌ ሲደርስ ባሕርዩን ይለውጣል፤ እስከዚያ ድረስ የመኪና መንገድ የነበረው እዚህ የገበያ ደጃፍ፣ የተማሪ መተላለፊያ፣ የአህያና የፍየል መሄጃ፣ የባጃጅ መቆሚያ ይሆናል። በገበያ ቀን ማለዳ ከየቀበሌው የሚወርደው ሕዝብ፣ እህሉን በአህያ ጭኖ፣ ዶሮውን በእጁ አንጠልጥሎ፣ ሕፃኑን በጀርባው አዝሎ በአስፋልቱ ዳርና ዳር ይሰለፋል፤ በዚያው ሰዓት ከኮምቦልቻ የተነሣው ባለተሳቢ፣ ከአዲስ አበባ ሌሊቱን ሲነዳ ያደረው አይሱዙ፣ ከደሴ መናኸሪያ በመጀመሪያው ተራ የወጣው ዶልፊን ሚኒባስ፣ እያንዳንዱ የሚያስቸኩለውን ጉዳይ ይዞ ይመጣል። ሹፌሩ ጥሩምባውን ይነፋል፤ አህያው አይሰማም፤ ሕፃኑ ይደነግጣል፤ እናቲቱ ክንዱን ይዛ ወደ ዳር ትስበዋለች፤ መኪናውም አቧራውን አስከትሎ ያልፋል። ይህ በየዕለቱ የሚደገም ነገር ስለ ሆነ ማንም አያወራውም፤ የሚወራው ጥሩምባው የዘገየ ዕለት ነው።

የውጫሌ ስም በታሪክ መዝገብ የሰፈረው፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከኢጣልያው መልእክተኛ ከኮንት አንቶኔሊ ጋር በተዋዋሉት ውል ምክንያት ነው። ያንን ውል የተዋዋሉት ንጉሠ ነገሥት፣ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ያህል ቆይተው በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤንትሌይ ከጅቡቲ ያመጣላቸውን አውቶሞቢል በአዲስ አበባ ተቀበሉ፤ ሠላሳ ዓመት ገደማ ሲያልፍ ደግሞ የኢጣልያ ወራሪ ኃይል፣ አስመራን ከአዲስ አበባ የሚያገናኘውን የመኪና ጎዳና በእነዚሁ በወሎ ተራሮች ላይ ዘረጋ። እንግዲህ የዚህ አገር ሰው ከመኪና ጋር ጎረቤት ሆኖ መኖር ከጀመረ ትውልዶች አልፈዋል፤ መኪናውን የሚገዛው ሕግ ግን በዚህ ጎዳና ላይ ሥጋ ለብሶ የሚታየው፣ የክስ ደብተሩን የያዘው ትራፊክ ፖሊስ በቆመበት ቦታና በቆመበት ሰዓት ብቻ ነው።

በሌላ ስፍራ ነገሩ መለወጥ ጀምሯል። በ2007 ዓ.ም. ለአገልግሎት በተከፈተው የአዲስ አበባ አዳማ ፈጣን መንገድ የፍጥነት መለኪያ ራዳር ሹፌር ሁሉ የሚያውቀው ነገር ሆኗል፤ በመዲናይቱም ፖሊሶች ራዳር ይዘው በየአደባባዩ መቆም ከጀመሩ ሰንብተዋል፤ ካሜራዎችም በየመስቀለኛው መንገድ ተሰቅለዋል። የመሣሪያ ዐይን ከመዲናይቱ ወጥቶ ወደ ክፍለ ሀገር ጎዳናዎች መምጣቱ የጊዜ ጉዳይ ስለ ሆነ፣ እንደ ውጫሌ ያለች ከተማ ይህን ዐይን ልትመኘው ይገባታልን ወይስ ልትፈራው የሚለውን ጥያቄ፣ ዐይኑ ሳይመጣ አስቀድሞ መመርመር ይገባል።

የፍጥነት ዋጋ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መግለጫ፣ በ2016 በኢትዮጵያ መንገዶች ላይ መሞታቸው በመንግሥት መዝገብ የሰፈረው ሰዎች 4,352 ሲሆኑ፣ ድርጅቱ በራሱ ስሌት የገመተው ግን ከ27,000 በላይ፣ ይኸውም ከ100,000 ሰው 26.7 ነው። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት ራሱ ኀዘን ነው፤ ከአደጋው ስፍራ ተነሥቶ በሐኪም ቤት አልጋ ላይ፣ ወይም ወደ መንደሩ ተመልሶ በቤቱ የሚሞት ሰው ከፖሊስ መዝገብ ሊቀር ይችላልና። በዓለም ሁሉ ደግሞ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ነፍስ በመንገድ ላይ እንደሚጠፋ፣ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 የሆነውንም ልጆችና ወጣቶች ከማንኛውም ደዌ ይልቅ የሚገድላቸው ይኸው የመንገድ አደጋ እንደ ሆነ ያው ድርጅት ይመሰክራል።

ከአደጋ መንሥኤዎች ሁሉ ፍጥነትን ለይቶ መጠበቅ ያስፈለገበት ምክንያት በተፈጥሮ ሕግ ውስጥ ያለ ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንዲት ሰከንድ 14 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ በ80 የሚጓዘው ከ22 ሜትር በላይ። ሹፌሩ ሕፃኑን አይቶ እግሩ ፍሬኑ ላይ እስኪደርስ የምታልፈው አንዲት ሰከንድ፣ በመጀመሪያው ፍጥነት ሕፃኑን ታተርፈው ይሆናል፤ በሁለተኛው ግን መኪናው ሕፃኑን ካለፈ በኋላ ነው የምታልቀው። የግጭቱም ኃይል ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። በዚህም የተነሣ የአንድ ጎዳና አማካይ ፍጥነት በመቶ አንድ እጅ ሲጨምር ሞት የሚያስከትለው ግጭት በመቶ አራት እጅ ገደማ እንደሚጨምር ሊቃውንቱ ደርሰውበታል።

ሕግ በእኛ ዘንድ አልጠፋም። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያወጣው የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ ቁጥጥር ደንብ፣ ጥፋቶችን በየእርከኑ ከፍሎ፣ ከገንዘብ ቅጣቱ ጋር በመንጃ ፈቃዱ ባለቤት ላይ የሚመዘገብ የጥፋት ነጥብ ደንግጓል፤ በቸልተኝነት ሰው የገደለውንም የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 እንደ ጥፋቱ ክብደት እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ያስቀጣዋል። ነገር ግን ሕፃኑ ከሞተ በኋላ የሚነበብ አንቀጽ ሕፃኑን አያስነሣውም፤ በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799 ለሞተ ሰው ቤተሰብ ወስኖት የነበረው የካሳ ጣሪያ 40,000 ብር እንደ ነበር ላሰበ ሰውም፣ ከሞት በኋላ የሚመጣው ፍትሕ ምን ያህል ታናሽ እንደ ሆነ ግልጽ ነው። ስለዚህ ፍትሕ ከሞት በፊት ይደርስ ዘንድ፣ ሕጉ በሹፌሩ ኅሊና ውስጥ አስቀድሞ መገኘት አለበት።

የሰው ዐይንና የመሣሪያ ዐይን

በወሎ ጎዳናዎች የሚመላለስ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ልማድ አለ። ከፊት ለፊት የሚመጣው መኪና መብራቱን ሁለት ጊዜ ያበራል፤ «ትራፊክ አለ» ማለቱ ነው። ወዲያው ሹፌሩ እግሩን ከነዳጁ ያነሣል፤ ረዳቱ በመተላለፊያው የቆሙትን ትርፍ ሰዎች «ዝቅ በሉ» ይላቸዋል፤ ቀበቶ ይታሰራል፤ መኪናው እንደ ጨዋ ሰው ቀስ ብሎ በፖሊሱ ፊት ያልፋል። ሁለት መታጠፊያ ካለፈ በኋላ ግን ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለሳል። በዚህ ልማድ ውስጥ ወንድም ለወንድሙ የሚያሳየው ርኅራኄ ያለ ይመስላል፤ ነገር ግን ርኅራኄው ለባልንጀራ ሹፌር እንጂ፣ ከመታጠፊያው ማዶ ፍየል እየነዳ ለሚመጣው እረኛ አይደለም።

ፖሊሱም ሰው ነው። ይደክመዋል፤ ዝናብ ይመታዋል፤ ሲመሽ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ የሚያውቀውን ሰው ያፍራል፤ ባለሥልጣን የተቀመጠበትን መኪና ይፈራል። ወረቀቱ ከመጻፉ በፊት በሹፌሩና በፖሊሱ መካከል የምትቀረው ያች አጭር ጊዜ ደግሞ፣ ብዙ ቅን ፖሊሶችን ስማቸውን ያስጠፋች የጉቦ መግቢያ ናት። የመሣሪያው ዐይን ከእነዚህ ድካሞች ሁሉ ነጻ ነው፤ ሌሊትም ይነቃል፤ ዘመድ አያውቅም፤ የሹመት ታርጋ አያስደነግጠውም፤ እጅ የለውምና እጅ መንሻ አይቀበልም።

መሣሪያውን ለዓለም ያስተዋወቀው ሰው ሆላንዳዊው ሞሪስ ጋትሶኒደስ፣ እ.ኤ.አ. በ1953 የሞንቴ ካርሎን ውድድር ያሸነፈ ዝነኛ የመኪና ተወዳዳሪ ነበር፤ የሠራውም ሌላውን ለማስቀጣት ሳይሆን፣ እርሱ ራሱ መታጠፊያውን በምን ያህል ፍጥነት እንደሚዞር ለማወቅና ይበልጥ ለመፍጠን ነበር። የራዳሩ ሥራ እንዲህ ነው፤ ወደ መኪናው የተላከው ሞገድ ከመኪናው ተመልሶ ሲመጣ ድግግሞሹ ተለውጦ ይገኛል፤ የለውጡ መጠን የመኪናውን ፍጥነት ይናገራል፤ ፍጥነቱ ከተወሰነው ካለፈ ካሜራው ታርጋውን ከነሰዓቱና ከነቦታው ያነሣል።

ይህ ዐይን ነፍስ ለማዳኑ ማስረጃ አለው። እ.ኤ.አ. በ2010 ከልዩ ልዩ አገሮች የተሰበሰቡ 35 ጥናቶችን የመረመረው የኮክሬን ጉባኤ፣ ካሜራ በተተከለባቸው ስፍራዎች አጠገብ የግጭት ቁጥር ከ8 እስከ 49 በመቶ፣ ሞትና ከባድ ጉዳት የሚያደርሰውም ከ11 እስከ 44 በመቶ ቀንሶ እንዳገኘው ጽፏል፤ ጥናቶቹ በጥራት እኩል እንዳልሆኑ ቢያስገነዝብም፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ማመልከታቸውን አልሸሸገም። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2003 ካሜራ በየጎዳናው መትከል ስትጀምር በዓመት ከ6,000 የሚበልጥ ሰው በመንገድ ይሞትባት ነበር፤ በ2010 ግን ቁጥሩ ከ4,000 በታች ወርዶ ተገኘ፤ ካሜራ ብቻውን ያደረገው ባይሆንም ድርሻው ታላቅ ነበር።

ያልተጠየቀ ምስክር

ባለፈው ዘመን በአገራችን፣ የሚሸሸውን ወይም የሚደባደበውን ሰው ማንም ተራ መንገደኛ «በሕግ አምላክ!» ያለው እንደ ሆነ፣ ጦርና ዘብ ሳያስፈልግ በቆመበት ይቆም ነበር፤ የጠራው አፍ ታናሽ ቢሆንም የተጠራው ሕግ ታላቅ ነበርና። ከዚያም ሁለቱ ባላጋራዎች ኩታቸውን አቆራኝተው ወደ ዳኛ ይሄዳሉ፤ ዳኛ በአጠገብ የታጣ እንደ ሆነ የሚያልፈውን ሽማግሌ በዛፍ ጥላ ሥር አስቀምጠው «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ ይሟገታሉ። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሁለት ታላላቅ ነገሮች ነበሩ፤ አንደኛው ሕግ በምድረ በዳ እንኳ መገኘቱ፣ ሁለተኛው ተከሳሽ ከሳሹን ፊት ለፊት አይቶ መጠየቁ። ካሜራ የመጀመሪያውን ይመልስልናል፤ ሁለተኛውን ግን፣ ካልተጠነቀቅን፣ ይወስድብናል። የካሜራ ጥቅምና ጉዳት ሚዛን በእኔ አስተሳሰብ ያለው እዚህ ላይ ነው።

መሣሪያ ይሳሳታል። እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ፣ በቀይ መብራት ላይ ቆሞ የነበረ መኪና በፍጥነት ሲበር ተገኘ ተብሎ የቅጣት ወረቀት ተላከለት፤ ነገሩ በጋዜጣ ወጥቶ ሲመረመር ስሕተቱ ብዙ ሆኖ በመገኘቱ ከተማይቱ በተከታዩ ዓመት ካሜራዎቿን ለማቆም ተገደደች። ያ ባለመኪና ጋዜጣ የሚጽፍለት፣ ጠበቃ የሚቆምለት ሰው ነበር፤ ከወረባቦ በርበሬ ጭኖ የሚመጣ የአይሱዙ ሹፌር ግን ወረቀቱ ቢደርሰው የት ሄዶ ይሟገታል? ደሴ ወይም ባሕር ዳር ለመመላለስ የሚያጠፋው ቀንና ገንዘብ ከቅጣቱ የሚበልጥበት ከሆነ፣ ያላጠፋውን ጥፋት ከፍሎ ዝም ይላል፤ እንዲህ ያለው ዝምታ ደግሞ ሕግን ከሚያስከብር ይልቅ የሚያስጠላ ነው።

ሁለተኛው ችግር፣ ካሜራው የሚያየው ታርጋን እንጂ ሰውን አለመሆኑ ነው። በዚህ ጎዳና ከሚመላለሱት የንግድ መኪናዎች ብዙዎቹ ባለቤታቸው በደሴ፣ በኮምቦልቻ ወይም በአዲስ አበባ ተቀምጦ ሹፌር ቀጥሮ የሚያሠራቸው ናቸው። ቅጣቱ ለባለቤቱ ይላካል፤ ባለቤቱ ከሹፌሩ ደመወዝ ይቆርጠዋል፤ ያው ባለቤት ግን «ዛሬ ሁለት ምልልስ ካልሠራህ» እያለ ያስቸኮለው ሊሆን ይችላል። የጥፋት ነጥቡስ በማን መንጃ ፈቃድ ላይ ይጻፋል? ስዊድን ይህን ጥያቄ የመለሰችው የሹፌሩን ፊት የሚያነሣ ካሜራ ተክላ በሹፌሩ ላይ ብቻ በመፍረድ ነው፤ ነገር ግን ፊትን ማንሣት ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበርን ደንግጓል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም በቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ስለዚህ ማን ከማን ጋር፣ በስንት ሰዓት፣ ወዴት እንዳለፈ የሚያውቅ መዝገብ፣ ለፍጥነት ፍርድ ካልሆነ በቀር ለሌላ ነገር እንዳይገለጥ፣ ያላጠፋም ሰው ሥዕል ወዲያው እንዲሰረዝ በሕግ መታሰር አለበት። ጦርነት ባለፈበትና ሕዝቡ በየኬላው ማንነቱን ሲጠየቅ በኖረበት አገር፣ ይህ ጥንቃቄ ትርፍ ነገር አይደለም።

ሦስተኛው፣ ካሜራው የማያያቸው ብዙ ነገሮች መኖራቸው ነው። በጫት ምርቃና ሌሊቱን ሲነዳ አድሮ ጎሕ ሲቀድ የሚያንቀላፋውን፣ ነዳጅ ለመቆጠብ ሲል ቁልቁለቱን ማርሽ ነጻ አድርጎ የሚወርደውን፣ ፍሬኑ ያለቀበትን፣ ሰው በጭነት ላይ የጫነውን አያይም። ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. በሲዳማ ክልል በቦና ዙሪያ ወረዳ፣ ሰው የጫነ አይሱዙ ወንዝ ውስጥ ገብቶ 71 ሰዎች አለቁ፤ መጋቢት 2010 ዓ.ም. በዚሁ በደቡብ ወሎ በለጋምቦ ወረዳ፣ አብዛኞቹ ተሳፋሪዎች ተማሪዎች የሆኑበት አውቶቡስ ገደል ገብቶ 38 ነፍስ ጠፋ። እንዲህ ያለውን ኀዘን የሚቀንሰው የገደል አጥር፣ የመኪና ምርመራ፣ ትርፍ ጭነትን በመናኸሪያው በር ላይ የሚከለክል ሰውና ሌላ መጓጓዣ ያጣውን ገበሬ የሚያደርስ በቂ አውቶቡስ ነው። ካሜራ የተከለ መንግሥት «መንገዱን ጠበቅሁ» ብሎ እነዚህን ቢተው፣ ጥቅሙ ወደ ጉዳት ይለወጣል።

በዚህ ላይ የስፍራው ችግር ይጨመራል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ በዚህ ጎዳና ላይ ሲያልፍ መብራትና ስልክ ተቋርጦ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ ቆይቷል። መብራትና መሥመር ሲጠፋ መሣሪያው ዕውር ይሆናል፤ ስለዚህ የፀሐይ ኃይል፣ በውስጡ የሚያከማች መዝገብና በየጊዜው የሚያስተካክለው የሥነ ልክ ባለሙያ ሳይዘጋጅ ካሜራ መትከል የሕዝብን ገንዘብ በእንጨት ላይ መስቀል ነው።

የገንዘቡ ፈተና

ካሜራ በሄደበት አገር ሁሉ እጅግ የተፈተነው በገንዘብ ነው። በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ፣ የቀይ መብራት ካሜራዎችን ውል ሬድፍሌክስ ለተባለው ኩባንያ ለማሰጠት ሲል ጉቦ የተቀበለ የከተማይቱ ሹም እ.ኤ.አ. በ2016 የ10 ዓመት እስራት ተፈርዶበታል፤ የጉቦውም መጠን እስከ 2 ሚሊዮን ዶላር ይደርስ እንደ ነበር ዐቃቤ ሕግ አስረድቷል። ከዚህ የምንማረው፣ መሣሪያው የመንገድ ዳሩን ጉቦ ሲዘጋ፣ በቢሮ ውስጥ የሚበልጥ በር ሊከፈት እንደሚችል ነው። በፈረንሳይም እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ሕዝቡ በነዳጅ ዋጋና በኑሮ ውድነት ተቆጥቶ ሲነሣ፣ ከአገሪቱ ካሜራዎች 60 በመቶ ያህሉ እንደ ተሰበሩ ወይም እንደ ተሸፈኑ የአገር ግዛት ሚኒስትሩ ተናግረዋል፤ ነፍሱን የጠበቀለትን መሣሪያ ሕዝቡ የሰበረው፣ ኪሱን የሚበረብር ቀረጥ ሰብሳቢ መስሎ ስለ ታየው ነው።

በእንግሊዝ አገር ይህን ጥርጣሬ ለማስወገድ ሲባል፣ እ.ኤ.አ. ከ2001 መጨረሻ ጀምሮ ካሜራዎቹ ቢጫ ተቀብተው ከሩቅ እንዲታዩ ተወሰነ። ይህ ውሳኔ ጥበብ አለው። ካሜራ ተደብቆ ከያዘ ገንዘብ ያገኛል፤ ተገልጦ ከታየ ግን ሹፌሩን ያዘገየዋል። የሚፈለገው የሹፌሩ መቀጣት ሳይሆን የእረኛው በሕይወት መግባት ከሆነ፣ ፍጹም የተሳካለት ካሜራ አንድ ብር እንኳ ያላስገባው ካሜራ ነው።

ለውጫሌ የሚበጀው

እንግዲህ እነዚህን ሁሉ መዝነን ስናበቃ፣ እንደ ውጫሌ ላሉ ከተሞች ካሜራ ይምጣ የምንል ከሆነ፣ እንዴት እንደሚመጣ ደግሞ መናገር ይገባናል።

አስቀድሞ መዝገቡ ይጽና፤ ሰው የሞተበትና አካሉ የጎደለበት ስፍራ ሁሉ በካርታ ላይ ይጻፍ፤ መሣሪያውም የሚተከለው ገንዘብ በሚገኝበት ረጅም ሜዳ ላይ ሳይሆን ደም በፈሰሰበት መታጠፊያና ሕዝብ በሚሻገርበት ገበያ ላይ ይሁን። ከመሣሪያው በፊት ምልክቱ ይቁም፤ የፍጥነት ወሰኑ በግልጽ ሳይጻፍ፣ የእግረኛ መሻገሪያው ቀለም ሳይቀባ፣ ለሹፌሩም የማስጠንቀቂያ ወራት ሳይሰጥ ቅጣት አይጀመር።

መለኪያውም ከአንድ ነጥብ ይልቅ በሁለት ነጥቦች መካከል ያለውን አማካይ ፍጥነት የሚመረምር ቢሆን ይሻላል። ከተማ መግቢያው ላይ አንድ ካሜራ፣ ከ12 ኪሎ ሜትር በኋላ ሌላ ካሜራ ቢተከል፣ ወሰኑም 60 ቢሆን፣ ሕጉን የጠበቀ መኪና ርቀቱን ለመጨረስ 12 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ በ9 ደቂቃ የደረሰ ግን ያለ ክርክር በአማካይ 80 ነድቷል። በእንዲህ ያለ ሥርዓት የመብራት ጥቅሻ አይረዳም፤ በካሜራው ፊት ዝግ ብሎ ከመታጠፊያው ማዶ መብረርም አይጠቅምም።

ከዚያም የተከሰሰው ሰው ይሰማ። ወረቀቱ ከሥዕሉና ከመሣሪያው የምርመራ ቀን ጋር ይላክለት፤ ሰው የሆነ መርማሪ ሳያየው ክስ አይውጣ፤ ተከሳሹም በሚኖርበት ወረዳ፣ በአምባሰል ያለው በውጫሌ፣ ቀርቦ የሚከራከርበት ዳኛ ይኑር። በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ለግሸን ማርያም ንግሥ ከአራቱ ማዕዘን የሚመጣው ምእመን ወደ አምባሰል ሲጎርፍ፣ እንደዚያ ባለው ጊዜ የሰው ፖሊስ ዐይንና ምክር እንጂ የመሣሪያ ሥዕል ብቻውን አይበቃምና፣ ካሜራው ለፖሊሱ ረዳት እንጂ ተተኪ አይሁን።

በመጨረሻም ሒሳቡ ለሕዝብ ይገለጥ። ከቅጣቱ የሚገኘው ገንዘብ ለዚያው ጎዳና የገደል አጥር፣ ለእግረኛው መሄጃ፣ የተጎዳውን ሰው ወደ ደሴ ለሚያደርሰው አምቡላንስ ይዋል፤ ለመሣሪያው ሻጭ ግን በቅጣቱ ብዛት ልክ የሚከፈል ድርሻ ፈጽሞ አይፈቀድ። በየዓመቱም ሹሞቹ በሕዝቡ ፊት ቆመው ስንት ብር ገባ ከማለት አስቀድመው ስንት ሰው ሞተ፣ ባለፈው ዓመትስ ስንት ነበር ብለው ይናገሩ። የሟቹ ቁጥር ካልቀነሰ፣ ብሩ ምንም ያህል ቢበዛ፣ ካሜራው ከዚያ ስፍራ ይነሣ፤ የቀነሰ እንደ ሆነ ግን፣ ሹፌሩ ቢያጉረመርምም፣ ባለቤቱ ቢቆጣም፣ ይኑር፤ በዚህ ጎዳና ዳር ልጅ ለሚያሳድግ ወላጅ ከዚህ የሚበልጥ ሚዛን የለምና።